ለትምህርት ቤት የፀሐይ መብራት የሚስማማውን የሊቲየም ባትሪ ስለ መምረጥ

የፀሐይ መብራት በገባላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ከመሣሪያው ሁሉ አስቀድሞ የሚደክመው ብዙውን ጊዜ ባትሪው ነው። በጣራው ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳ ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ሲችል፥ በሣጥን ውስጥ የሚቀመጠው የእርሳስ ባትሪ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኀይል መያዝ ይሳነዋል። በዚያን ጊዜ ማታ ማታ የሚያጠኑት ልጆች ወደ ኩራዝ ይመለሳሉ፤ የአገሩም ሽማግሎች ተሰብስበው ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ባትሪ ለማስገዛት ይመክራሉ።

ዛሬ ለዚህ ጉዳይ ወደ ገበያ የተላከ ሰው በእርሳሱ ፈንታ የሊቲየም ባትሪ እንዲገዛ ይመከራል። ምክሩ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ የእርሳሱን ስፍራ የሚይዘው ከቀሩት ዕቃዎች ጋር የተስማማ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ያልተስማማ እንደ ሆነ ግን ድኻው ከጉሮሮው ነጥቆ ያዋጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ አስተማሪዎችና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሎች ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሊጠይቁት የሚገባውን ነገር እዚህ ጽፈናል።

የፀሐይ መብራት አሠራር እንደ ገበሬ ቤት ነው። ሰሌዳው እርሻው፥ ባትሪውም ጎተራው ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው፥ ነጋዴዎች ቻርጅ ኮንትሮለር የሚሉት ትንሽ ሣጥን፥ ወደ ጎተራው ምን ያህል እንዲገባና መቼ እንዲቆም የሚወስን መጋቢ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ መጋቢ ስንል እርሱን ማለታችን ነው። የባትሪውን ኀይል ለኮምፒውተርና ለማባዣ መኪና ወደሚስማማው 220 ቮልት የሚለውጠው ደግሞ ኢንቨርተር ይባላል።

የእርሳስ ባትሪ ጥንታዊ ነው፤ ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል የፈረንሳይ አገር ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ሠራው። በውስጡ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ያህል የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች ስላሉበት 12 ቮልት ይባላል። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለበት፤ ከያዘው ኀይል ከግማሹ የበለጠውን አዘውትረው ቢያወጡበት ዕድሜው ፈጥኖ ያጥራል። እንግዲህ 100 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት የእርሳስ ባትሪ ለዕለት ሥራ በእውነት የሚሰጠው 50 ያህሉን ነው። ሊቲየም ከብረት ወገን ሁሉ የቀለለ ነው፤ ከእርሱ የሚሠራው ባትሪ ከያዘው ከመቶ 80 እጁን ቢያወጡበት አይጎዳም፤ ክብደቱም ከእርሳሱ እኩሌታ ያንሳል።

ነገር ግን በሊቲየም ስም የሚሸጡት ባትሪዎች ሁሉ አንድ ወገን አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለትምህርት ቤት የሚሻለው ሊቲየም ከብረትና ከፎስፌት ጋር የተዋሐደበት ነው፤ ነጋዴዎች ኤል ኤፍ ፒ ይሉታል። ይህን ውሕደት በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርስቲ ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቹ በ1997 ዓ.ም. በጽሑፍ ገለጡት። ጉዲናፍ ስለ ሊቲየም ባትሪ ሥራው በ2019 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ሲቀበል የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበረ፤ ይህን የምንጨምረው ሽማግሎቻችንን ደስ እንዲያሰኛቸው ነው። የዚህ ወገን አንዱ ክፍል 3.2 ቮልት ነው፤ አራቱ ሲቀጠሉ 12.8 ቮልት ይሆናሉ፤ ሲሞሉም እስከ 14.6 ይደርሳሉ። ይህም ከእርሳሱ ልክ ጋር ስለሚቀራረብ ሊተካው ይችላል።

ኒኬል፥ ማንጋኒዝና ኮባልት የገባበት ሌላው ወገን ግን አንዱ ክፍሉ 3.7 ቮልት ያህል ነው። ሦስት ክፍል ቢቀጠል 12.6 ቮልት ላይ ይሞላል፤ የእርሳስ መጋቢ ግን እስከ 14.4 ድረስ ስለሚገፋው ከልኩ በላይ ተሞልቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። አራት ክፍል ቢቀጠል ደግሞ መሙያው 16.8 ቮልት ነውና ከቶ አይሞላም። ስለዚህ ሻጩ «ሊቲየም ነው» ሲል አይበቃም፤ ከምን ጋር የተዋሐደ ሊቲየም እንደ ሆነና ስንት ቮልት ላይ እንደሚሞላ በጽሑፍ ያሳይ።

ቀጥሎ የሚመረመረው መጋቢው ነው። ቮልቱ ስለ ተቀራረበ ብቻ «በአሮጌው መጋቢ ይሠራል» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ይህ እኩሌታው እውነት ነው። የእርሳስ መጋቢ በየጊዜው ቮልቱን ወደ 15 ገደማ ከፍ አድርጎ የባትሪውን ክፍሎች ያስተካክላል፤ ብርድም ሲሆን ቮልቱን ይጨምራል። ይህ ለእርሳስ መድኀኒት ነው፤ ለሊቲየም ግን ጉዳት ነው። በሊቲየሙ ባትሪ ውስጥ ቢ ኤም ኤስ የሚባል ጠባቂ ሰሌዳ ስላለ፥ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ በሩን ይዘጋል።

ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን አይቶአል። አዲሱ ባትሪ ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት፥ ስድስት ሰዓት ገደማ፥ ድርግም እያለ ይጠፋ ነበር፤ አስተማሪዎቹም የተበላሸ ዕቃ የተሸጠላቸው መስሎአቸው ሊመልሱት ጭነው ነበር። ነገር ግን መጋቢው በእርሳስ ሥርዐት ላይ እንደ ነበረ ቀርቶአል። አዝራሩ ተጭኖ ወደ ሊቲየም ሥርዐት በተለወጠ ጊዜ ባትሪው ያለ አንዳች ነቀፋ መሥራት ጀመረ። መጋቢው የሊቲየም ሥርዐት ከሌለው፥ ቮልቱንም በእጅ መወሰን ካልተቻለ፥ የአዲስ መጋቢ ዋጋ ከባትሪው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። ደግሞም በአሮጌው መጋቢ ላይ የሚበሩት አረንጓዴና ቀይ መብራቶች ለሊቲየም አይታመኑም፤ የእርሳስ ቮልት ቀስ እያለ ሲወርድ፥ የሊቲየሙ ግን ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 13 አካባቢ ቆይቶ በድንገት ይወድቃልና።

መጠኑን ለመወሰን ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ይህን ሒሳብ ለከፍተኛ ክፍል ልጆች ማሠራት መልካም ነው። አንድ ትምህርት ቤት 9 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎችን ማታ 4 ሰዓት ቢያበራ 216 ዋት ሰዓት ይሆናል። 45 ዋት የሚወስድ አንድ ኮምፒውተር ለ3 ሰዓት 135፥ 10 ዋት የሆነ ራዲዮ ለ2 ሰዓት 20፥ ለአስተማሪዎች ስልክ መሙያም 50 እንበል። ድምሩ 421 ነው፤ በሽቦና በኢንቨርተር የሚባክነውን ከመቶ 20 ብንጨምርበት 505 ገደማ ይደርሳል። ሰማዩ ደመና ለሚሆንበት ቀን ብለን የሁለት ሌሊት ብናደርገው 1010 ይሆናል። ከሊቲየም ባትሪ ከመቶ 80 እጁን የምናወጣ ከሆነ 1263 ዋት ሰዓት የሚይዝ ያስፈልገናል። 100 አምፔር ሰዓት በ12.8 ቮልት ሲባዛ 1280 ነውና ይህ ባትሪ ይበቃል። በእርሳስ ቢሆን ግን 170 አምፔር ሰዓት ገደማ ይፈለግ ነበር።

ስለ እንዲህ ያለ ባትሪ ከተጻፈው ምክር ብዙው የተጻፈው በአሜሪካና በአውሮፓ መኝታና ማድ ቤት በተሠራላቸው መኪናዎች ለሚጓዙ ሰዎች ነው። መሣሪያቸው እንደኛው 12 ቮልት ስለሆነ ይጠቅመናል፤ ይሁን እንጂ እነርሱ ፀሐይ ስትጠፋ ባትሪውን ከመኪናው ሞተር ይሞላሉ። የገጠር ትምህርት ቤት ከፀሐይ በቀር ሌላ ስለሌለው በሐምሌና በነሐሴ ደመና ቈጥቦ መኖር አለበት፤ ባትሪውን ከእነርሱ ይልቅ ሰፋ አድርጎ መግዛትም ይገባዋል።

ባትሪ ብዙ መያዙ ብቻ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ምን ያህል መስጠት እንደሚችልም ይጠየቅ። 1000 ዋት የሚሠራ ኢንቨርተር ከባትሪው 90 አምፔር ገደማ ይስባል። ጠባቂው ሰሌዳ 100 አምፔር የሚፈቅድ ከሆነ ይችለዋል፤ 50 ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ግን የፈተና ወረቀት ለማባዛት መኪናው በተነሣ ጊዜ መብራቱ ሁሉ ይጠፋል። ሽቦውም ለዚሁ አምፔር የሚበቃ ወፍራም ይሁን፤ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ፊውዝ ይግባበት።

አሮጌውን የእርሳስ ባትሪ ከአዲሱ ሊቲየም ጋር አንድ ላይ ማሰር በፍጹም አይገባም። ደካማ በሬ ከጐበዝ ወይፈን ጋር ቢጠመድ ቀንበሩ እንደሚያዘነብልና ሁለቱም እንደሚጎዱ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሊቲየም ማጣመር ቢያስፈልግ አንድ ዐይነት፥ አንድ መጠን፥ በአንድ ጊዜ የተገዙ ይሁኑ፤ ሠሪውም መጣመራቸውን የፈቀደ ይሁን።

የአየሩ ጠባይም ይታሰብ። የሊቲየም ባትሪ ውርጭ በሚሆንበት ጊዜ፥ ማለት ከ0 ዲግሪ በታች፥ ከተሞላ ውስጡ የማይድን ጉዳት ይደርስበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ በሚወርድባቸው እንደ ደብረ ብርሃን አካባቢ ባሉ ደጋዎች ባትሪው በደጅ ሣጥን ሳይሆን በክፍል ውስጥ፥ ከወለሉም ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ጠባቂ ሰሌዳውም በብርድ ጊዜ መሙላትን የሚከለክል ይሁን። እንደ አፋር ባለ ቆላ ደግሞ ጭንቀቱ ሙቀት ነው፤ ከ45 ዲግሪ በላይ መሙላት ስለሚጎዳው በቆርቆሮ ጣራ ሥር ተጣብቆ አይቀመጥ፤ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ስፍራ ይፈለግለት።

በገበያ ውስጥ ያረጁ ክፍሎችን በአዲስ ልባስ ሸፍኖ የሚሸጥ አይጠፋምና ሁለት ፈተና እንመክራለን። መጀመሪያው ሚዛን ነው። እውነተኛው የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ውስጡ ያሉት አራቱ ክፍሎች ብቻቸውን 8 ኪሎ ያህል ስለሚሆኑ፥ 5 ወይም 6 ኪሎ የሆነው የተጻፈበትን ሊይዝ አይችልም። ሁለተኛው ፈተና ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀሪ ክፍያ እንዲቆይ ከሻጩ ጋር ተዋውላችሁ ባትሪውን ሞልታችሁ 64 ዋት በሆኑ የ12 ቮልት አምፖሎች አብሩት፤ 100 አምፔር ሰዓት ከሆነ 20 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በ11 ወይም በ12 ሰዓት ቢጠፋ ጎተራው ባዶ እኩሌታ አለበት ማለት ነው።

ባትሪው ሲገጠም አስቀድሞ ከመጋቢው ጋር ይታሰር፤ የሰሌዳው ሽቦ ከዚያ በኋላ ይያያዝ፤ ሲፈታም ሰሌዳው ይቅደም። አሮጌው የእርሳስ ባትሪ ውስጡ መርዝ ነውና ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ቆሞ ይቀመጥ፤ አሲዱ በጓሮም ሆነ በወንዝ ዳር አይፈሰስ፤ እርሳሱ ተመልሶ ለሥራ ስለሚውል ሳይከፈት እንዳለ ለሚገዛ ነጋዴ ይሰጥ፤ ከእርሱ የሚገኘውም ገንዘብ ለፊውዝና ለሽቦ መግዣ ይረዳል።