ተጨማሪ መረጃ፦ ሪሌና የጭነት መኪና መብራት

ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ በተበላ ከተማ በኩል ወደ ሶዶ ለሚወጣ መኪና፣ ከመሸ በኋላ የፊት መብራት ሕይወት ነው። መብራት የሚደበዝዘው ሁልጊዜ አምፖሉ ስላረጀ አይደለም። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ሁለት የ70 ዋት አምፖሎች 6 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ይህ ኮረንት በቀጭን ሽቦና በተበላ ማብሪያ ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል!

ለዚህ መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኮረንት ትልቁን ኮረንት የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ። ሪሌ ሲገባ ማብሪያው የሚያዘው የሪሌውን ጥቅል (85 እና 86 ቁጥር ጫፎች) ብቻ ነው። ዋናው ኮረንት ከባትሪ ተነሥቶ በ30 ቁጥር ጫፍ ይገባል፣ በ87 ወደ አምፖሉ ይወጣል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ሽቦው ተልጦ ሻሲ ቢነካ እሳት የሚከለክለው እሱ ነው። ሪሌውም ባለ 24 ቮልት መሆን አለበት፤ የ12 ቮልቱ ጥቅል ይቃጠላል።