ጥያቄው ከሰው፣ መልሱ ከአይጥ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የደም ግፊት፣ የልብና የስትሮክ ሕሙማንን የሚከታተል ሐኪም ሁለት ጥያቄዎች ዘወትር ይቀርቡለታል፦ «ከምን መጣብኝ?» እና «የዘር ነው ወይ?»። ለመጀመሪያው የምንመልሰው አናጣም፤ ያልታከመ ግፊት፣ ትንባሆ፣ ስኳር፣ ጨው፣ እንቅስቃሴ ማጣት እያልን እንዘረዝራለን። ለሁለተኛው ግን «ሊሆን ይችላል» ብለን ወደ መድኃኒት ማዘዣው እንሻገራለን። ይህ ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባውም። በአንድ ማዕድ ቀርበው ካደጉ፣ አንድ ጾም ከጾሙ፣ አንድ መሬት ካረሱ ወንድማማቾች መካከል አንዱን ገና በጉልምስናው ስትሮክ ሲጥለው ሌላው ሰማንያን በጤና የሚሻገርበትን ምክንያት ማዕዱ ብቻውን አያስረዳም። ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት ለመፍታት ከዐርባ ዓመት በላይ አይጥን ሲመረምሩ ቆይተዋል። እኔ የምለው፣ አይጥ ስለ ሰው የደም ቧንቧ በሽታ የሚታመን መልስ የምትሰጠው ጥያቄው አስቀድሞ ከሰው ሲነሣ ነው። ይህ ከሆነ ደግሞ የደሴ ዙሪያ ሐኪም በዚህ ሳይንስ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው።

አይጥ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሰዎችን ለሃምሳ ዓመት አንድ ዓይነት ምግብ መመገብ ወይም ማን ከማን እንደሚወልድ መወሰን አይቻልም። አይጥ ግን በሦስት ሳምንት እርግዝና ትወልዳለች፤ ዕድሜዋም ሁለት ዓመት ገደማ ነው፤ ምግቧንና መኝታዋን፣ የምታየውን ብርሃን ሳይቀር የሚወስነው ተመራማሪው ነው። ወንድምና እኅት እየተዳቀሉ 20 ትውልድ የዘለቀ ዝርያ ሲሆን ደግሞ አባላቱ በዘር ረገድ አንዱ ከሌላው አይለይም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቤቨርሊ ፔይገንና ባልደረቦቿ እንዲህ ያሉ ዝርያዎችን ስብና ኮሌስትሮል የበዛበት አንድ ዓይነት ምግብ መገቧቸው። ሲ57ብላክ6 በሚባለው ዝርያ ደም ቅዳ ቧንቧ ላይ የስብ ክምችት ታየ፤ ሲ3ኤች የሚባለው ግን ያንኑ እየበላ በሽታውን ተቋቋመ። ማዕዱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ሲለያይ ልዩነቱ የዘር ነው ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያስችለው እንዲህ ያለ ሙከራ ነው።

ሆኖም ተራ አይጥ ለዚህ በሽታ ምቹ አይደለችም። ኮሌስትሮሏ በአብዛኛው የሚጓጓዘው «ጥሩ» በሚባለው ኤችዲኤል ስለሆነ ቧንቧዋ በቀላሉ አይታመምም። ሁኔታውን የለወጠው ከሕሙማን የተገኘ ዕውቀት ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በልጅነታቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚያገኛቸውን፣ ከባድ የዘር ኮሌስትሮል ያለባቸውን ሰዎች ሴሎች መርምረው ጉድለቱ «መጥፎ» የሚባለውን ኮሌስትሮል ከደም በሚያነሣው የኤልዲኤል ተቀባይ ላይ መሆኑን አሳዩ፤ በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ ተቀባይ የሌላት አይጥ የተገኘችው ከዚያ በኋላ፣ በ1993 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1992፣ በሮክፌለርና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ኤፖኢ የተባለው ዘረ መል የጠፋባትን አይጥ ለይተው አቅርበው ነበር። እርሷም የተለመደውን ምግብ እየበላች ኮሌስትሮሏ ከተራዋ አይጥ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ቧንቧዋም በጥቂት ወራት ውስጥ ይታመማል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለ ቧንቧ መጥበብ የሚወጡ የቤተ ሙከራ ጥናቶች በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት አይጦች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ከሰው ወደ አይጥ የሚሄደውን ይህን ቅደም ተከተል ከሁሉ ይበልጥ የሚያጎላው ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረ መል ታሪክ ነው። በ2003 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮላቸው በዘር ከፍ ባለ ቤተሰቦች ውስጥ በዚህ ዘረ መል ላይ ለውጥ አገኙ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አልታወቀም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የዘረ መሉ ምርት በአይጥ ጉበት ውስጥ እንዲበዛ ሲደረግ የኤልዲኤል ተቀባዮች ጠፉ፤ ኮሌስትሮልም አሻቀበ። ተቀባዩ በሌላት አይጥ ላይ ያው ሙከራ ምንም ለውጥ ስላላመጣ አሠራሩ ተገለጠ። ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ሰው ተመለሰ፤ ይህ ዘረ መል የተበላሸበት ሰው ይጠቀም ይሆን? መልሱ በ2006 የመጣው ከአፍሪካ ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን ነው። ከመቶ 2.6 ያህሉ እንዲህ ያለ ለውጥ ነበረባቸው፤ «መጥፎው» ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ያነሰ፣ የልብ ደም ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸውም በ88 በመቶ የቀነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2015 ይህንኑ የሚኮርጁ መድኃኒቶች ተፈቀዱ። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ባይካተቱ ኖሮ ይህ ማስረጃ በዚህ ጥራት አይገኝም ነበር።

እኛም በዚህ ሳይንስ ውስጥ ከነጭራሹ የለንበትም ማለት አይቻልም። በስብ ክምችት በሚመጣው የቧንቧ መጥበብ ባይሆንም በቧንቧና በልብ ሥራ ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች የተነሣ ጥያቄ አይጥ ላይ ደርሷል። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ዐማራና ኦሮሞ የሆኑ የደጋ ነዋሪዎችን ሙሉ ዘረ መል አንብበው ኢዲኤንአርቢ የተባለውን ለዩ። ይህ ዘረ መል የደም ቧንቧን መጥበብና መስፋት ከሚቆጣጠሩት አንዱ የሆነውን የኢንዶቴሊን ተቀባይ የሚሠራ ነው። በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ከሁለቱ የዘረ መሉ ቅጂዎች አንዱ ብቻ የቀራቸው አይጦች 5 በመቶ ኦክስጅን ባለበት አየር ውስጥ ሳይቀር የልባቸው ደም የመርጨት ዐቅም እንደተጠበቀ ቆየ። ሁለቱም ቅጂዎች ሲጠፉ ግን አይጧ በአንጀት ሕመም በጨቅላነቷ ትሞታለች። ሲቀነስ የሚጠቅመው ሲጠፋ የሚገድል መሆኑን በሰው ላይ ሞክሮ ማወቅ አይቻልም፤ ጥያቄውን ግን ከደጋችን ሰዎች ውጪ ማን ሊያነሣው ይችል ነበር?

አይጥ ሰው አይደለችም የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እንዲያውም ተቃዋሚዎቹ ከሚሉት በላይ ልዩነት አለ። ልቧ በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል ይመታል። ሰውን የሚገድለው የስብ ክምችቱ ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ነው፤ በእነዚህ አይጦች ይህ እምብዛም አይታይም፤ ክምችቱም ከልብ ቧንቧዎች ይልቅ በትልቁ ደም ቅዳ መነሻ ላይ ይበረታል። ስለዚህ በአይጥ የተጀመረ፣ በአይጥ የተጠናቀቀ ግኝት ለሕሙማን ተስፋ ሆኖ መነገር የለበትም። ይህ ተቃውሞ ግን የእኔን ሐሳብ ያጠናክረዋል። ሰው ላይ የታየ ነገር ወደ አይጥ ሄዶ ምክንያቱ ሲገለጥ፣ ከዚያም ሰው ላይ ተመልሶ ሲረጋገጥ ልዩነቱ አያሳስትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥራ ባልደረቦች የሚመጣ ሲሆን ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ብሔራዊ ዳሰሳ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። የግፊት መለኪያና የኮሌስትሮል ምርመራ በየጤና ጣቢያው ሳይዳረስ ስለ ዘረ መል ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ምርጫው ይህ ወይም ያ ቢሆን ኖሮ እኔም መለኪያውን እመርጥ ነበር። የዘር ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም የሚል ካለም ተሳስቷል፤ የዘር ተጋላጭነት ያለበት ሰው ግፊቱን መቆጣጠርና ትንባሆ መተው ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል። የቤተሰብ ታሪክ መጠየቅ ደግሞ ወጪ የለውም፤ ወላጅ ወይም ወንድም ወይም እኅት በስንት ዓመቱ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም እንዳገኘው በክትትል ካርዱ ላይ መጻፍ ዛሬውኑ ለሕክምና ይጠቅማል።

ለእንስሳቱ ሥቃይ የሚቆረቆሩም አሉ፤ መቆርቆራቸው ተገቢ ነው። ራስልና በርች በ1959 ያስቀመጡት መርሕ፣ በተቻለ መጠን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስ፣ ሥቃያቸውን ማቃለል፣ ዛሬም የሚሠራበት ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለመድኃኒት ዕፅዋት ጥናት የሚያገለግሉት ስዊስ አልቢኖ አይጦች በዘር የተለያዩ ስለሆኑ ለእንዲህ ያለ የዘረ መል ጥያቄ አይመቹም። ለዚህ የሚሆን የአይጥ ቤት እዚህ ማቋቋም በብዙ ገንዘብ ደካማ መልስ መግዛት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሙከራ ዐቅሙ ያላቸው ቢሠሩት ይሻላል።

እነርሱ የሌላቸው ግን እዚህ አለ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ ወደ 1,850 ሜትር ዝቅ ወዳለችው ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጋው ወረዳዎች ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የወረደ ሰው በትውልድ ቀዬው የቀሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉት። አንድ ዘር በሁለት ከፍታ፣ በሁለት አኗኗር ይገኛል ማለት ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የደሴ ሆስፒታሎች በየክትትል ክሊኒኩ አንድ ወጥ የቤተሰብ ታሪክ ቅጽ ቢያስጀምሩ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የቀረውን ቤተሰብ ግፊት ቢለኩ፣ በሕሙማን ፈቃድና ምስጢራቸው ተጠብቆ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽታው የሚደጋገምባቸውንም የሚያልፋቸውንም ቤተሰቦች ማወቅ ይቻላል። ያን ጊዜ «የዘር ነው ወይ?» ለሚለን ሰው የምንሰጠው መልስ ከ«ሊሆን ይችላል» ያለፈ ይሆናል፤ የአይጥ ቤት ያላቸውም ምን እንደሚፈትሹ ከእኛ ይጠይቃሉ።