ሳይቃጠል በቅጠል
ስለ ቤት ውስጥ ሶኬት አያያዝ

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት፥ የቤት እሳት በምድጃና በጧፍ ላይ ብቻ ይታይ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ግን እሳቱ በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ፥ ጢስም ነበልባልም ሳያሳይ ከመኝታችን አጠገብ ያድራል። በሩም ሶኬት የምንለው ባለ ሁለት ቀዳዳ ዕቃ ነው። ስለዚህ፥ ውድ አንባቢዎቻችን፥ ስለ አያያዙ ጥቂት ልናካፍላችሁ ወደድን፤ የምንጀምረውም ከራሳችን ጥፋት ነው።

በአንድ የትንሣኤ ዋዜማ ባለቤታችን እንጀራ ለመጋገር ስትሰናዳ የወጥ ቤቱ ሶኬት ተበላሽቶ ስለ ነበር፥ እኛው ራሳችን ከሳሎን በማራዘሚያ ገመድ ኤሌክትሪክ ስበን ሰጠናት። ገመዱ ሰው እንዳያደናቅፍ በስጋጃው ሥር አሳለፍነው፤ በላዩም የበዓሉ ቄጠማ ተጐዘጐዘ። ጥቂት እንጀራ እንደ ወጣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ስጋጃውን ብንገልጠው ገመዱ ቀልጦ ተጣብቆበታል፤ ከዚያም ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ታናሹ ልጃችን በፍራሽ ላይ ተኝቷል። ሮጠን ከቆጣሪው ዘንድ ኃይሉን አጠፋን። እግዚአብሔር ይመስገንና ጉዳቱ በስጋጃው ላይ ቀረ። የሚያሳፍረን ግን በዚያው ወር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የዋትንና የአምፔርን ሒሳብ ለተማሪዎቻችን ስናስተምር መሰንበታችን ነው። ያስተማርነውን በቤታችን አልሠራንበትም።

ሒሳቡም እንደሚከተለው ነው። በአገራችን ወደየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት ለ220 ሲካፈል፥ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ይገኛል። የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ወደ 3,500 ዋት ይወስዳል፤ ይኸውም 16 አምፔር ያህል ነው። 10 አምፔር እንዲችል የተሠራ ማራዘሚያ ግን ከ2,200 ዋት በላይ አይሸከምም። በዚህም ላይ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በሽቦው የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ገመድ በስጋጃ መሸፈን ሙቀቱን ማፈን ነው፤ እርጥብ ቄጠማም የተላጠ ሽቦ ካገኘ ኮረንቲን ወደ እግር ያደርሳል።

እንግዲህ የስልክ ቻርጀር፥ ቴሌቪዥንና አምፖል በአንድ ማከፋፈያ ቢሰኩ ጭነታቸው ቀላል ነው። ምጣድ፥ የኤሌክትሪክ ምድጃ፥ የውሃ ማፍያና ካውያ ግን ሙቀት ሰጪዎች ስለ ሆኑ በአንድ ማከፋፈያ ሊገናኙ አይገባም። ለምጣድማ ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ የራሱ መስመር፥ 4 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ቢዘረጋለት ይሻላል። እኛም ከዚያ በዓል በኋላ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ጭነቱ ልክ ቢሆን እንኳ የላላ መሰኪያ ራሱን የቻለ ጠንቅ ነው፤ ብረት ከብረት በደንብ ካልተነካካ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይግላልና። ሶኬቱ ቢጠቁር፥ ቢንጣጣ፥ ቢሸት ወይም መሰኪያው ወልቆ ወልቆ ቢወድቅ፥ በወረቀት ጠቅጥቆ ማጥበቅ ሳይሆን መለወጥ ይገባል። ስንነቅልም ገመዱን ሳይሆን የመሰኪያውን ራስ እንያዝ። ሊጥ የነካ እርጥብ እጅ አስቀድሞ ይድረቅ።

ብሬከር ደጋግሞ ሲያጠፋ በትልቅ ብሬከር የሚለውጡ ሰዎች አሉ። ይህ ሌባ አይቶ የጮኸውን ውሻ አፉን እንደ ማሰር ያለ ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለ ሆነ፥ ሲያጠፋ ጭነቱን መቀነስና ምክንያቱን መፈለግ ይገባል። ደግሞም በሶኬቱ ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ የሚታዩት የብረት ምላሶች ከመሬት ሽቦ ጋር ሊገናኙ ይገባቸዋል፤ ከዕቃው አካል ላይ ያፈተለከው ኮረንቲ በሰው በኩል ሳይሆን በእነርሱ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ነው። በ30 ሺሕኛ አምፔር ፍሳሽ ኃይሉን የሚቆርጥ መሣሪያ ቢጨመር ደግሞ፥ ጣታቸውን ወይም ምስማር ወደ ቀዳዳው ለሚሰዱ ሕፃናት ትልቅ ጥበቃ ነው።

ኮረንቲ ሰውን ቢይዝ በድንጋጤ አትንኩት፤ የረዳው ሁሉ አብሮ ይያዛልና። አስቀድማችሁ ብሬከሩን አጥፉ፤ ካልተቻለ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቅቁት፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም አድርሱት። ከሶኬት እሳት ቢነሣ ውሃ አትድፉ፤ ኃይሉን ቆርጣችሁ በደረቅ አፈር ወይም በእሳት ማጥፊያ አጥፉት።

ስለ ቁጠባም አንድ ነገር እንበል። የሸክላ ምጣድ እስኪሰማ ድረስ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር፥ የሚበቃውን ያህል ምጣዱ እንደ ጋለ በአንድ ጊዜ ጋግሮ መጨረስ ይበጃል። መብራት በሄደ ጊዜ ምጣዱን፥ ካውያውን፥ ማቀዝቀዣውንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ። የተመለሰው ኃይል ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ ሰኳቸው፤ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መወዛወዝ ዕቃ ያበላሻልና፤ የተረሳ ካውያም ቤት ያቃጥላል።

በሚቀጥለው ጊዜ እንጀራ ተጋግሮ እንዳበቃ፥ የእጃችሁን ጀርባ በሶኬቱ ሽፋን ላይ አሳርፉ። የሚፋጅ ሆኖ ካገኛችሁት ለነገ አትበሉ፤ ኃይሉን አጥፍታችሁ ሙያውን የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ። ቅጠሉ የሚበቃው ሳይቃጠል ነውና።