ሳምፕል ስርቆት ነው? ኢልማቲክን ስሙና እንነጋገር

ከድሮ የሂፕ ሆፕ አልበሞች አንዱን ብቻ ያዙ ብትሉን እኛ የናስን ኢልማቲክ ነው የምንይዘው። የቱፓክ ወዳጆች እንዳትቆጡን።

"ራፐሮች የሰው ሙዚቃ ቆርጠው ነው የሚለጥፉት" የሚል ወቀሳ ሁሌም አለ። እውነት ነው፣ ይቆርጣሉ። ሳምፕል ማለት ከድሮ ሸክላ ላይ ጥቂት ሰከንድ ወስዶ፣ እየደጋገሙ፣ ከበሮ ጨምሮበት አዲስ ቢት መሥራት ነው። ጥያቄው ከተቆረጠ በኋላ ምን ይወጣዋል የሚለው ነው። ኢልማቲክ ላይ ፒት ሮክ ከጃዝ ፒያኒስቱ አህማድ ጀማል ትንሽ የፒያኖ ዜማ ወስዶ "ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ"ን ሠራ። በዚያ ፒያኖ ላይ ከ8ኛ ክፍል በላይ ያልተማረ የኒውዮርክ ኩዊንስብሪጅ ልጅ ራፕ ያደርጋል። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ናስ ገና 20 ዓመቱ ነበር። 10 ትራክ ነው፣ 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 3ኛው ትራክ መጨረሻ ላይ የምትሰሙት ኮርኔት ግን ሳምፕል አይደለም፤ የነፉት የገዛ አባቱ፣ ሙዚቀኛው ኦሉ ዳራ ናቸው።

ደሞ እኛም አለንበት። በ2010 ናስ ከዴሚያን ማርሊ ጋር ያወጣው ዲስታንት ሬላቲቭስ ላይ "አዝ ዊ ኢንተር" የሚል ዘፈን አለ። ቢቱ የተቆረጠው ከሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" ነው። መጀመሪያ የሙላቱን፣ ቀጥሎ የናስን ክፈቱ፤ እስክትለዩት 5 ሰከንድ አይፈጅባችሁም።