ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ
በደብረ ብርሃን ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ክረምት ሲገባ ስለ ወተት ላሞቻችን የምንሰጋው ብርዱን ነው። ላሟ ግን ምድጃዋን በሆዷ ይዛለች፤ በጨጓራዋ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ድርቆሹን ሲያብላሉ ሙቀት ይመነጫል። በቀዝቃዛ አገሮች ወፍራምና ደረቅ የክረምት ጸጉር ያለው ከብት ከዜሮ በታች እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያለ ተጨማሪ መኖ ይቋቋማል። ጸጉሩ ከራሰ ግን ወሰኑ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ሙቀት የሚያግደውን አየር ውሃ ተክቶታልና። የደጋው የክረምት ሌሊት ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ይቀዘቅዛል፤ ወተት ሊሆን የሚገባው መኖ ገላ ማሞቂያ ሆኖ ያልቃል። እንግዲህ የበረቱ ጣሪያ አያፍስስ፣ ወለሉም ደረቅ ገለባ ይልበስ። ግድግዳውን ግን ፈጽሞ መድፈን አንመክርም፤ ከሽንት የሚተነው አሞኒያ ሳንባዋን ይጎዳል።