«ተፈጥሯዊ» የተባለው የለስላሳ መጠጥ ቀለም ከየት ይመጣል?

በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው ሺያህ ሰፈር በረመዳን ምሽቶች የሚጠጣው ጀላብ ጥቁር ቡናማ መልኩን የሚያገኘው ከቴምርና ተነጥሮ ከወፈረ የወይን ጭማቂ ነው። ቀለሙም ጣዕሙም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኙት የፋብሪካ ለስላሳ መጠጦች ግን ቀለማቸው ብዙውን ጊዜ ለብቻው የተጨመረ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ተፈጥሯዊ ቀለም» ተብሎ መጻፉም ቀለሙ ከዕፅዋት መገኘቱን አያረጋግጥም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚመለከተው በጾም ወራት ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይቀምሱ ወገኖችን ነው። በጠርሙሱ ጀርባ «ኢ 120» ወይም «ካርሚን» ተብሎ የሚጻፈው ደማቅ ቀይ ቀለም በቁልቋል በለስ ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከተባለ ነፍሳት ይሠራል። ሴቶቹ ነፍሳት ተለቅመው ይደርቃሉ፤ አንድ ኪሎ ደረቅ ምርት ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ ያስፈልጋሉ። ቀለሙ ሙቀትንና ብርሃንን በሚገባ ስለሚቋቋም ፋብሪካዎች ይወዱታል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን አለርጂ ያስነሣል፤ በዚህም ምክንያት አሜሪካ ከጥር 2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሙ በግልጽ እንዲጻፍ አስገድዳለች።

ኮቺኒል ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። ከሃያ ዓመታት በፊት ይህንኑ ቀለም ለማምረት ታስቦ ወደ ትግራይ ገባ። ነፍሳቱ ግን ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ በደቡብ ትግራይ የበለስ ተክልን ያጠፋ ተባይ ሆነ። በለስ ለብዙ ገበሬ የክረምት ምግብና የከብት መኖ ነውና ጉዳቱ ቀላል አልነበረም።

ከዕፅዋት የሚገኙት ቀለሞች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የከርከዴና የጥቁር ወይን ቀይ ቀለም አንቶሲያኒን (ኢ 163) ይባላል። በኮምጣጣ መጠጥ ውስጥ ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ ኮምጣጣነቱ ሲጠፋ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በከርከዴ ሻይ ላይ ጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ ቢነሰነስ ለውጡ ወዲያው ይታያል። አብዛኞቹ ለስላሳ መጠጦች ኮምጣጣ በመሆናቸው ቀለሙ ይስማማቸዋል። የቀይ ሥር ቀለም (ኢ 162) ሙቀትን አይወድም፤ የእርድ ቢጫ (ኢ 100) ደግሞ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል። ለብርቱካንማ መልክ የሚያገለግለው የካሮት ዓይነት ቀለም፣ ካሮቲን (ኢ 160)፣ በውኃ ስለማይሟሟ ከመጨመሩ በፊት በልዩ ዘዴ እጅግ ደቅቆ ይዘጋጃል። የኮላው ጥቁርነት ከተቃጠለ ስኳር የሚሠራ ካራሜል (ኢ 150) ነው።

በቀይ መጠጦች ላይ በብዛት የሚገኘው «ኢ 129» ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ በኬሚካል የተሠራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህንና ሌሎች አምስት ሠራሽ ቀለሞችን የያዙ ምግቦች በሕፃናት ጠባይና ትኩረት ላይ ተጽዕኖ ሊኖራቸው እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲይዙ ደንግጓል። ቁጥሩ የሚታተመው በትናንሽ ፊደል፣ ከስኳሩና ከአሲዱ በኋላ፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ ነው።