ከብርሃኗ መስኮት ጀርባ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ የምናገረው አይደለም። ድሮ ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊልም አየን ብላችሁ የወጣችሁ ሁሉ፣ አንድ ሰዓት ያህሉን ያፈጠጣችሁት ጨለማ ላይ ነበር። ማሽኑ ፊልሙን ዝም ብሎ አያፈሰውም፤ በሴኮንድ 24 ጊዜ ያቆመዋል። አንዷን ምስል ጎትቶ ከብርሃኑ ፊት ቀጥ ያደርጋታል፣ ምስሏ ሸራው ላይ ትበራለች፣ ወዲያው የሚሽከረከር ክዳን መጥቶ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ በዚያች ጨለማ ውስጥ ተከታይዋ ምስል ትገባለች። ክዳኑ እያንዳንዷን ምስል ሁለት ጊዜ ስለሚያበራት በሴኮንድ 48 ብልጭታ እናያለን፤ በመሀል ያለውን ጨለማ ግን ዓይናችን ይውጠዋል። ሙያው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ተመልካቹ ጨለማውን እንዳያይ፣ ጨለማውን የሚያስተዳድረውን ሰውም እንዳያስታውስ።

እኔ ያን ሰው አውቀው ነበር። በ1970ዎቹ አጎቴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ኦፕሬተር ነበሩ። እሑድ እሑድ ምሳ ዕቃቸውን ይዤ በጠባቡ ደረጃ ወደ ማሽን ክፍሉ እወጣለሁ፤ ከወጣሁ እስኪመሽ አልወርድም። የሠፈሬ ልጆች ይቀኑብኝ ነበር። በነፃ የሚያይ፣ ያውም ሁሉንም የሚያይ ልጅ! እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከማሽን ክፍል ሆኖ ፊልም አይታይም። ኦፕሬተር የሚያየው ማሽኑን ነው፤ በትንሿ መስኮት ብቅ የሚለው ምስሉ ጠርቶ እንደሆነና ነጥቧ መጥታ እንደሆነ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። አጎቴ አሥር ጊዜ ያሳዩትን ፊልም ታሪክ ስጠይቃቸው ያልተያያዙ ቁርጥራጮች ይነግሩኝ ነበር።

ስለ ነጥቧ ልንገራችሁ። ሙሉ ፊልም በአንድ ጥቅል አይመጣም። በየቆርቆሮ ሣጥኑ ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ጥቅል 20 ደቂቃ ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ነው። ግራው ሲሠራ ቀኙ ተከታዩን ክፍል ጎርሶ ይጠብቃል። ክፍሉ ሊያልቅ ስምንት ሴኮንድ ያህል ሲቀረው ከምስሉ በላይ በቀኝ ጥግ ትንሽ ክብ ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛው ማሽን ይነሣል። ሊያልቅ አንድ ሴኮንድ ያህል ሲቀረው ሌላ ነጥብ ትመጣለች፤ ያኔ ብርሃኑና ድምፁ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የምትቆየው አራት ፍሬም ነው፤ ይህም የሴኮንድ ስድስተኛ እጅ መሆኑ ነው። በዚያች ቅጽበት ያስነጠሰ ኦፕሬተር ነጭ ሸራ ያሳያል። አንድ ጊዜ ነጥቧን ያወቀ ሰው ደግሞ እስኪሞት ድረስ ያያታል፤ እኔ ዛሬም የድሮ ፊልም ሳይ ዓይኔ ሳያስፈቅደኝ ወደ ቀኝ ጥግ ይሄዳል።

ብርሃኑ የሚመጣው ከአምፖል ይመስላችሁ ይሆናል። በዚያ ዘመን የነበሩት አሮጌ ማሽኖች የሚያበሩት በሁለት የካርቦን ዘንጎች ነበር። ዘንጎቹ አፍ ለአፍ ተነካክተው ትንሽ ይራራቃሉ፣ ኤሌክትሪኩ በመካከላቸው ይዘላል፣ ዓይን የማይችለው ነጭ ብርሃን ይወጣል። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ካልተጠበቀ ምስሉ ቢጫ ይሆናል፣ ይደበዝዛል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። አጎቴ ባለ ጥቁር መስታወቷን ቀዳዳ እያዩ በእጅ መዞሪያዋ ዘንጎቹን ያቀራርባሉ። ጭሱ በጣሪያው ቧንቧ ይወጣል እንጂ ክፍሉ ምድጃ ነበር። ሸሚዛቸውን አውልቀው በካኔተራ ነበር የሚሠሩት። ከታች ያለው ሕዝብ ኮቱን ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እሳቸው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

የክፍሉ ግድግዳ ለምን ያን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ መስኮቶቹስ ለምን የብረት መዝጊያ እንዳላቸው ጠይቄ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፊልም ይሠራ የነበረው ከናይትሬት ነው። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውኃ ውስጥ ገብቶም ይነዳል። እሳት ከተነሣ መዝጊያው ወርዶ አዳራሹን እንዲያድን ነው የተሠራው፤ ኦፕሬተሩ ከመዝጊያው ወዲህ መቅረቱን ስነግራችሁ ሥራው ምን ዓይነት እንደነበር ይገባችኋል። በእኔ ልጅነት የሚመጣው ፊልም በቀላሉ የማይቀጣጠለው ዓይነት ነበር፤ ብርሃኑ ፊት ከቆመ ግን ይቀልጣል። አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱት ይሆናል፦ የአክተሩ ፊት ላይ ቡናማ ነጥብ ትወጣለች፣ ትሰፋለች፣ ትፈላለች፣ ከዚያ ነጭ ሸራ። ከዚያ ፉጨት። ከዚያ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ «ሌባ! ሌባ!»

ያ ጩኸት ከላይ እንዴት እንደሚሰማ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አጎቴ አንድም ቀን መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም። የቀለጠውን በምላጭ ይቆርጣሉ፣ ሁለቱን ጫፍ ፍቀው በማጣበቂያው ያገናኛሉ፣ በአውራ ጣት ይጫናሉ፣ ይጠብቃሉ፣ መልሰው ያስገባሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን የተቆረጠው ተቆርጦ ቀረ። አንድ ፊልም በተበጠሰ ቁጥር ጥቂት ፍሬም ያጣል፤ በብዙ ከተማ የዞረ ፊልም ሲሰነብት ከተወለደበት ያጥራል። ዘፈኑ መሀል ላይ ዘለል የሚለው፣ ከበሩ ሳይገባ ወንበር ላይ የሚገኘው ሰውዬ፣ ሁሉም የምላጭ ሥራ ነው። ሸራው ላይ የሚዘንበው «ዝናብ»ም ጭረት ነው። በየ20 ደቂቃው ለምን እንደሚበረታ ታዝባችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው፦ እጅ የሚነካው የጥቅሉን መጀመሪያና መጨረሻ ስለሆነ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ደጅ ላይ ስላለው ነገርም አንድ ምሥጢር አለኝ። ልጅ ሆነን ቲኬት ለመግዛት ሳንቲም ያልነበረን ሁሉ የምንሰበሰበው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተለጠፉት ፎቶዎች ፊት ነበር። ሊስትሮው ሣጥኑን አስቀምጦ፣ ጀብሎው ማስቲካና ሲጋራውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ቆሎና ሱፍ ሻጯ ስኒዋን ይዛ፣ ሁላችንም ከስምንት ፎቶ አንድ ሙሉ ፊልም እንሠራለን። ይኼ ወንበዴው ነው፣ ይቺ የአክተሩ እጮኛ ናት፣ እዚህ ጋ ይይዙታል። ገብቶ ያየው ልጅ ሲወጣ ተከቦ ይተርካል፤ ሽጉጡን በአፉ፣ ቡጢውን በእጁ። ከዚያ ጭቅጭቅ፦ «ያ በፈረስ የዘለለበት የታለ?» «የለም!» «ውሸታም፣ እንቅልፍ ወስዶህ ነው!» ልጁ አልዋሸም። እነዚያ ፎቶዎች ከፊልሙ የወጡ አልነበሩም። ፊልሙ ሲቀረጽ አጠገቡ የቆመ ሌላ ፎቶ አንሺ ያነሣቸው ናቸው። ኋላ ከፊልሙ የተጣለ ትዕይንት ፎቶው ላይ ሊቀር ይችላል። ብዙ ልጅ በዚህ ምክንያት በከንቱ ተደብድቧል።

ከሁሉ የምወደው ቦታ ግን ማሽን ክፍሉ አልነበረም፤ ከሸራው ጀርባ ነበር። ሸራው ድፍን አይደለም። ድምፅ ማጉያዎቹ ከኋላው ስለሚቆሙ ድምፁ እንዲያልፍ በጥቃቅን ቀዳዳ የተወጋጋ ነው። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ አብረኸኝ ና ሳትለኝ ተከትያት ገባሁ። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሾልኮ ምስሉ በጀርባም ይታያል፤ ግን ተገልብጦ። ሰዉ ሁሉ ግራኝ ይሆናል፣ ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። የድምፁ ጉልበት ደግሞ ደረቴን ያንቀጠቅጠዋል። በቀዳዳዎቹ አሾልኬ ወደ አዳራሹ ስመለከት የማየው ሌላ ፊልም ነበር፦ በመቶ የሚቆጠር ፊት፣ አፉን የከፈተ፣ እንባውን የሚጠርግ፣ የልጁን ዓይን በመዳፉ የሸፈነ።

ያ ቀን የህንድ ፊልም ቀን ነበር፤ «ማዘር ኢንዲያ»። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ፊልም ነው፤ በእኔ ልጅነትም አሮጌ ነበር፣ አዳራሹን ግን ይሞላ ነበር። ሂንዲ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሚያስፈልገውም የለም። ናርጊስ ሞፈሩን በገዛ ትከሻዋ ስትጎትት የገጠር ልጅነት ያላቸው እናቶች አስተርጓሚ አልፈለጉም። መጨረሻ ላይ ልጇ ላይ ስትተኩስ የተሰማው ልቅሶ የለቅሶ ቤት ልቅሶ ነበር። ለኦፕሬተር ደግሞ ያ ፊልም ሌላ ነገር ነው፦ 172 ደቂቃ። ተዘርግቶ ቢለካ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል። ያንን ሁሉ በየቆርቆሮው በጀርባ ተሸክሞ ደረጃውን መውጣት፣ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱን ጥቅል ወደ ኋላ መመለስ፣ ከዚያም ለተከታዩ ሾው እንደገና መጀመር።

የመጨረሻው ሾው ጭንቅ ሰዓት እላፊ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሲኒማ ቤቶቹ ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት እጅ ገብተዋል፣ በህንዱ መሀል የሶቪየት የጦርነት ፊልሞችም ይመጣሉ። መብራት ከሄደ ወይም ፊልም ከተበጠሰ የጠፋው ደቂቃ የሚከፈለው ከሰው እግር ነው። ቤቱ ሩቅ የሆነው መጨረሻውን ሳያይ ተነሥቶ ይሄዳል። ወንበሮቹ ሲታጠፉ የሚሰማው ጠ፣ ጠ፣ ጠ ወደ ላይ ይደርሳል። አጎቴ ያን ድምፅ ሲሰሙ ነበር ፊታቸው የሚጠቁረው፤ «ሌባ» ሲባሉ እንኳ እንዲያ አይሆኑም። ፊልሙን ማፍጠን አይቻልም፤ ድምፁ ይበላሻል። ማድረግ የሚቻለው አለመሳሳት ብቻ ነበር።

ከተማችን ይህን ሰው ከጥንትም አይታው አታውቅም። የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ያለው የአዲስ አበባ ሰው ከኋላው ያለውን ብርሃን እንጂ ብርሃኑን የያዘውን እጅ አላየም። የቤቶቹን ስም ሁላችንም እናውቃለን። ኢምፓየር፣ ኢትዮጵያ፣ አምባሳደር፤ መርካቶ ያለውና ኋላ ቴአትር ቤት የሆነው ሲኒማ ራስ፤ ጣሊያን ማርኮኒ ሲኒማ ብሎ ጀምሮት በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሆኖ የተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። አምባሳደር እንዲያውም ሠፈር ሆኗል። ከእነዚህ ቤቶች የአንዱን ኦፕሬተር ስም የሚያውቅ ተመልካች ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት መጣ። አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በመጋረጃ የጨለመ ክፍል፣ ራምቦና ብሩስ ሊ። የሠፈር ልጅ በሳንቲም ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ ትልልቆቹ አዳራሾች ሳሱ። በጣም የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ የአማርኛ ፊልሞች መጡና ሕዝቡ ወደ ሲኒማ ቤት ተመለሰ። በራሱ ቋንቋ፣ የራሱን ሠፈር ሊያይ ተሰለፈ፤ ሰልፉ ጥግ ይታጠፍ ነበር። ያን ሰልፍ ያየ ሁሉ ሲኒማ ቤቱ ነፍስ ዘራ አለ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተሰልፌአለሁ። ላይ ስወጣ ግን ሁለቱ ማሽኖች በሸራ ተሸፍነዋል። የአማርኛው ፊልም የተቀረጸው በቪዲዮ ካሜራ ስለሆነ የሚታየው በትንሽ ፕሮጀክተር ነው። ሲኒማችን ብዙ ሰው ባገኘበት በዚያው ጊዜ ነው፣ ብርሃኑን በእጁ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሥራውን ያጣው። አጎቴ ቅር አላላቸውም። አማርኛ ከሸራው ሲወጣ ሰምተው መሞታቸውን እንደ ፀጋ ነበር የሚያዩት። አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር፦ «ይሄኛው ጨለማ የለውም»።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተጻፈ፤ ስለ ኦፕሬተሮቹ ያነበብሁት ግን የለም። ዛሬ ፊልም የምትሠሩ ልጆች፣ ካሜራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ሰዎች በሕይወት ያሉ አሉ፤ ቡና ቤት ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ። ሂዱና አናግሯቸው። ስለ አክተሮቹ አትጠይቋቸው፤ አላዩአቸውም። ስለ ቀለበቱ ጠይቋቸው። ፊልሙ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ከብርሃኑ መስኮት በላይና በታች ላላ ያለ ቀለበት ይተውለታል። ካጠረ ፊልሙ ይበጠሳል፤ ከረዘመ ያንኳኳል። የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከሚታየው ምስል 20 ያህል ፍሬም ራቅ ብሎ ስለታተመ፣ የታችኛው ቀለበት ልኩን ከሳተ አፉና ንግግሩ ይለያያሉ። ልኩን የሚያውቁት በጣት ነው። አጎቴ ሁለት ጣት ይበቃል ይሉ ነበር፤ ባልደረባቸው ሦስት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበር። ይህን ክርክር አንሡባቸውና ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ አይለቋችሁም።